ማደሪያው ርስት የሆነ ጊዜ፦ ፊውዳሊዝም አውሮፓ ላይ እንዴት በቀለ?

«ፊውዳል» የሚለውን ቃል እኛ አገር የማያውቅ የለም። ከ«መሬት ላራሹ» ሰልፍ ጀምሮ፣ ከዚያም በደርግ ዘመን «ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም» እየተባለ ሲደጋገም፣ ቃሉ «ገበሬን የሚበዘብዝ ባለመሬት» ማለት ሆኖ ቀረ። ትርጉሙ ስህተት አይደለም። ግን ግማሽ ነው። ቃሉ ወደመጣበት ወደ አውሮፓ ሄደን ስናየው ውስጡ ሁለት የተለያዩ ቋጠሮዎች አሉ። አንዱ ጌታንና ገበሬን ያሰረ ነው። ሌላው ጌታን ከጌታ ያሰረ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን አልተቋጠሩም፣ በአንድ ምክንያትም አልተቋጠሩም። እኔ ራሴ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሁለቱን አንድ አድርጌ ይዤ ለዓመታት ነገሩ አልገባኝም ነበርና ዛሬ ለየብቻ ልፈታቸው እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ ገበሬ እንነሳ። ስሙ ቦዶ ይባላል። የኖረው ከ1200 ዓመት በፊት ፓሪስ አጠገብ ነው። ንጉሥ አልነበረም፣ የጦር ጀግናም አልነበረም፤ ስሙ ግን አልጠፋም። የሳን ዠርመን ገዳም አበምኔት ኢርሚኖን በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የገዳሙን መሬትና ገባር ሁሉ አስቆጥሮ በብራና ላይ አስጽፎ ነበር። ብራናው ዛሬም አለ። ቦዶ፣ ሚስቱ ኤርመንትሩድና ሦስት ልጆቻቸው እዚያ ላይ ተመዝግበዋል።

ምን አላቸው? የሚታረስ መሬት፣ ትንሽ የወይን ቦታ፣ የሣር መሬት። ምን ይከፍላሉ? ለጦር ሠራዊት 2 የብር ሽልንግ። አሳማዎቻቸውን ገዳሙ ጫካ ውስጥ ለማሰማራት 2 በርሜል ወይን ጠጅ። በየሦስት ዓመቱ 100 ሳንቃ። ከዚያ 3 ዶሮና 15 እንቁላል። ይህን ሳነብ የዶሮዋና የእንቁላሉ ነገር ነው ልቤን የሚነካው፤ ቁጥሩ እስከ እንቁላል ድረስ ወርዶ ተጽፏል፣ ማንም ምንም አይረሳላቸውም።

ትልቁ ሸክም ግን ጉልበቱ ነው። የገዳሙ መሬት ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። አንዱ ገዳሙ ለራሱ የሚያሳርሰው፣ እኛ ሁዳድ የምንለው ዓይነት ነው። ሌላው ለገባሮች የተሸነሸነ ነው። ቦዶ በየሳምንቱ የሁዳድ ሥራ አለበት፤ ለመኸሩም ለበልጉም ዘር የተለካለትን ያርሳል፣ በተጨማሪ የእጅ ሥራ ይሠራል፣ ጫን ሲሉትም ዕቃ ያመላልሳል። የራሱን ማሳ የሚያርሰው በተረፈው ቀን ነው።

ቦዶ ባሪያ አልነበረም። ኮሎኑስ ይባላል፤ በሕግ ከነጻ ሰዎች ይቆጠራል። ግን መሬቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ይህን እስራት ያመጣው ፊውዳሊዝም አይደለም። ቆስጠንጢኖስ በ332 ባወጣው ሕግ የኮበለለ ኮሎኑስ በሌላ ሰው መሬት ላይ ከተገኘ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስ አዟል፤ ለመኮብለል ያሰበውንም በሰንሰለት ማሰር ይቻላል ብሏል። ማለትም የገበሬው ቋጠሮ የተቋጠረው ገና ሮም በሕይወት ሳለች ነው።

በ476 ኦዶአከር የሚባል የጦር አዛዥ ገና ልጅ የነበረውን የምዕራብ ሮም ንጉሠ ነገሥት ሮሙሉስ አውግስጦሉስን ከዙፋን አወረደው። የመማሪያ መጽሐፍ ይህን ቀን «የሮም ውድቀት» ይለዋል። ገበሬው ግን በማግሥቱም ያው ገበሬ ነው። ቀስ በቀስ የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ ደመወዝ። ሮም ግብር በገንዘብ ትሰበስብ ነበር፣ ወታደሯንም በገንዘብ ትከፍል ነበር። በእሷ ቦታ የተተኩት የፍራንኮች፣ የጎቶችና የሌሎቹ ነገሥታት ያን አሠራር ይዘው መቀጠል አልቻሉም። መዝጋቢው ጠፋ፣ ንግዱ ቀዘቀዘ፣ ገንዘቡ ሳሳ። እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ንጉሥ ወታደር በምን ይይዛል? በመሬት ነዋ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቋጠሮ መጣን። እዚህ ላይ አማርኛችን ታድሏል፤ የሚያስፈልጉንን ቃላት በሙሉ ይዟል። መጀመሪያ «ማደር»ን እንውሰድ፤ «ለእገሌ አደረ» እንደምንለው። ቱር ከምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የተገኘ፣ የ8ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የውል ናሙና አለ። ጸሐፊዎች ስም ብቻ እየለወጡ የሚገለብጡት ቅጽ ነው። የሚያድረው ሰው ይናገራል፤ የምበላውና የምለብሰው እንደሌለኝ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ልገባ ለመንሁ፣ እርስዎም ፈቀዱ። እርስዎ እንደ አገልግሎቴ ያበሉኛል፣ ያለብሱኛል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እንደ ነጻ ሰው አገለግላለሁ፣ ከሥርዎም አልወጣም። ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል ይክፈል። አለቀ።

«እንደ ነጻ ሰው» የምትለዋን ሐረግ ያዙልኝ። ሰውየው ተርቧል፣ ተቸግሯል፣ ግን ባሪያ ልሁን አላለም። በፈቃዱ ነው የገባው፣ ግዴታውም የሁለቱም ነው። ጌታው ካላበላው ጌታው ነው ያጠፋው።

ያደረው ሰው ቫሳል ተባለ። ቃሉ ከኬልት ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መጀመሪያ «ልጅ»፣ «አሽከር» ነበር። እየቆየ ግን ከፍ ከፍ አለ። ማደር የድሃ ነገር መሆኑ ቀረ። የፍራንኮች ዜና መዋዕል እንደሚለው በ757 የባቫሪያው መስፍን ታሲሎ ራሱ ለንጉሥ ፔፒን እጁን በእጁ ውስጥ አድርጎ አደረ። መስፍን ካደረ፣ ማደር ማዕረግ ሆነ ማለት ነው።

ለምን ይህ ሁሉ ሆነ? አንዱ መልስ የጦር መሣሪያ ዋጋ ነው። የራይን ወንዝ አካባቢ ፍራንኮች ሕግ የዕቃ ዋጋ ይዘረዝራል። አንድ ጤነኛ በሬ 2 ሶሊዲ (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ነው። ጥሩ የብረት ጥሩር 12፣ የራስ ቁር 6፣ ሰይፍ ከነአፎቱ 7፣ የእግር መከላከያ 6፣ ጋሻና ጦር 2። ደምሩት፤ 33 ሶሊዲ፣ ከ16 በሬ በላይ ማለት ነው። ፈረሱ ገና አልተቆጠረም! በሁለት በሬ የሚያርስ ሰው ከየት አምጥቶ ነው ይህን የሚለብሰው? የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ805 የብረት ጥሩር የጠየቀው 12 የገበሬ ይዞታ ካለው ሰው ነው። በ808 ደግሞ 4 ይዞታ ያለው ነጻ ሰው ራሱን አስታጥቆ እንዲዘምት፣ ከዚያ በታች ያላቸው ግን ተረዳድተው አንድ ሰው እንዲልኩ አዘዘ። እንግዲህ በጊዜ ብዛት ምን እንደሚመጣ መገመት አይከብድም። ድሃው ነጻ ሰው እያረሰ ይቀራል፣ መሣሪያ ያለው ብቻ ይዘምታል፣ የሚያርሰውና የሚዋጋው ሁለት ዓይነት ሰው ይሆናሉ። (ነገሩን ሁሉ ያመጣው ርካብ ነው የሚል የቆየ ክርክር አለ። አልቀበለውም፤ አንድ ዕቃ ብቻውን ማኅበረሰብ አይለውጥም።)

ያንን ፈረሰኛ ለመያዝ ደግሞ መሬት ያስፈልጋል። በ732 ፖይቲዬ አካባቢ ከስፔን የመጣውን የሙስሊሞች ጦር የመለሰው የፍራንኮች መሪ ሻርል ማርቴል ለተዋጊዎቹ የቤተ ክርስቲያን መሬት እየወሰደ ሰጠ። ለዚህም ቀሳውስቱ ለብዙ ትውልድ ይቅር አላሉትም። ዋናው ቁም ነገር አሰጣጡ ነው። መሬቱ የተሰጠው እንዲያድርበት ነው፣ ለዘላለም እንዲወርሰው አይደለም። በላቲን ቤኔፊኪዩም አሉት፤ ውለታ እንደማለት ነው። እኛ ጋ ትክክለኛ አቻው «ማደሪያ» ነው። በደመወዝ ፋንታ የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ ወይም ሰውየው ሲሞት የሚመለስ መሬት። ኋላ ላይ ፊፍ ወይም ፌውዱም ተባለ። «ፊውዳል» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፤ ቃሉ ሲወለድ የተዋጊውን ማደሪያ ነበር የሚጠራው፣ የቦዶን ዶሮና እንቁላል አልነበረም።

ማደሪያ ማደሪያ ሆኖ የሚቆየው ግን ሰጪው መልሶ መንጠቅ ሲችል ነው። ሻርለማኝ ይችል ነበር። በ800 የገና ዕለት ሮም ላይ ፖፕ ሊዮ ሣልሳዊ ዘውድ የጫኑለት ይህ ንጉሥ በየግዛቱ ኮንት የሚባሉ አገረ ገዢዎች ሾመ፤ እነሱን የሚቆጣጠሩ መልእክተኞችንም ላከ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቤተ ክህነት ሰውና አንድ መኮንን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሄዱት። በየዓመቱ ስለሚዘምትና ስለሚያሸንፍ የሚያከፋፍለው አዲስ መሬት አያጣም ነበር። በ814 አኸን ላይ ሞተ። አዲስ መሬት መምጣቱ ቆመ። የልጅ ልጆቹ ሎታር፣ ሉድቪግና ሻርል እርስ በርስ ተዋግተው በ843 ቨርደን ላይ ግዛቱን ለሦስት ተካፈሉት።

ወንድማማች ነገሥታት ሲጣሉ የሚጠቀመው ማን ነው? በመካከል ያለው መኮንን ነው። «ወደዚያኛው እሄዳለሁ» ብሎ ካስፈራራ ንጉሡ ተጨማሪ መሬት ይሰጠዋል። የሰጠውንም ለመንጠቅ ይፈራል።

በዚህ ላይ ቫይኪንጎች መጡ። እነዚህ ሰዎች የሚያስፈሩት በብዛታቸው አይደለም፣ በፍጥነታቸው ነው። ጀልባቸው ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ ይሄዳል፤ የንጉሡ ጦር ተሰብስቦ እስኪደርስ ገዳሙን አቃጥለው፣ ወርቁን ጭነው ሄደዋል። በ845 ሴን ወንዝን ይዘው ፓሪስ ገቡ፤ ከሦስቱ ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ራሰ በራው ሻርል 7000 ፓውንድ ብር ከፍሎ መለሳቸው። የቦዶ ጌታ የነበረው የሳን ዠርመን ገዳም ከከተማው ቅጥር ውጭ ስለነበር ተዘረፈ፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። የቦዶ ልጆችና የልጅ ልጆች በዚያ ወራት የት እንደተደበቁ የጻፈ የለም። ከምሥራቅ ደግሞ ኋላ ላይ ማጃሮች በፈረስ መጡ፣ ከደቡብ ባሕር የሙስሊም ወራሪዎች።

እንደኔ ከሆነ ፊውዳሊዝም ለምን እንደበቀለ ከየትኛውም ትንታኔ በላይ የሚያስረዳው የ885 የፓሪስ ከበባ ነው። ቫይኪንጎች እንደገና መጡ። ሴን መሐል ባለችው ደሴት ላይ የነበረችውን ከተማ ለአንድ ዓመት ገደማ ከበቡ። ድልድዩንና ግንቡን ይዞ የተከላከለው የከተማው ኮንት ኦዶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወፍራሙ ሻርል ተለምኖ ተለምኖ በመጨረሻ ጦር ይዞ ደረሰ፤ ደረሰና አልተዋጋም። 700 ፓውንድ ብር ሊሰጣቸው ተስማማ፣ ቡርጎኝ ሄደው እንዲዘርፉም ፈቀደላቸው። ያን ሁሉ ወር ግንቡ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ንጉሠ ነገሥቱ በ887 ከዙፋን ወረደ፤ በ888 የምዕራብ ፍራንኮች መኳንንት ኦዶን አነገሡ። የዘር ሐረጉ ከሻርለማኝ አይደለም። ግን በክፉ ቀን የነበረው እሱ ነው።

ያ ሂሳብ በየመንደሩ ተደገመ። ንጉሥ ሩቅ ነው፤ የሚያድነኝ ዛሬ ማታ መድረስ የሚችል ባለ ፈረስ ነው። እና ያ ባለ ፈረስ ምን ይጠይቃል? ማደሪያዬን ለልጄ።

ሰኔ 877 ራሰ በራው ሻርል ወደ ጣልያን ሊዘምት ሲል ኪዬርዚ ላይ መኳንንቱን ሰበሰበ። እንዲህ ተወሰነ፤ እኔ በሌለሁበት አንድ ኮንት ቢሞት፣ ልጁ ደግሞ ከእኔ ጋር የዘመተ ወይም ሕፃን ቢሆን፣ እስክመለስ ግዛቱ ይጠበቅለት፤ ስለ ቫሳሎችም እንዲሁ ይሁን። ጽሑፉ «ማደሪያ ከዛሬ ጀምሮ ይወረስ» አይልም። የሚያሳየው ልጅ አባቱን መተካቱ በዚያ ጊዜ እንደ ልማድ መታየቱን ነው። ንጉሡ ከዘመቻው አልተመለሰም፤ በዚያው ዓመት በመንገድ ሞተ። በቃ፣ ማደሪያው ርስት ሆነ። እኛ አገር ርስተ ጉልት የሚባለውን የሚያውቅ ሰው የዚህ ለውጥ ክብደት ወዲያው ይገባዋል፤ ሹመት በደም ሲወረስ ሿሚው ስም ብቻ ይቀረዋል። ሂው ካፔ በ987 የፈረንሳይ ንጉሥ ሲሆን ትእዛዙ በትክክል የሚሰማው ከፓሪስ እስከ ኦርሌያን ባለው አካባቢ ነበር ማለት ይቻላል።

መሬት ሲወረስ ደግሞ ማደሩ ራሱ ተገለበጠ። መጀመሪያ ሰው የሚያድረው ለጌታው ነው፣ መሬቱ ተከትሎ ይመጣል። አሁን ግን መሬቱን ለማግኘት ሲል ያድራል። ሥርዓቱ እንዴት ይፈጸም እንደነበር ጋልበርት የተባለ የብሩዥ ጸሐፊ በዓይኑ ያየውን ጽፎልናል። በ1127 የፍላንደርስ ኮንት ቻርልስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ፤ በቦታው የተተካው ዊልያም ቫሳሎቹን ተቀበለ። ኮንቱ ይጠይቃል፣ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሰው ልትሆን ትፈቅዳለህ? ሰውየው «እፈቅዳለሁ» ይላል። ከዚያ ሁለት እጆቹን ገጥሞ በኮንቱ መዳፎች ውስጥ ያስቀምጣል። ኮንቱ እጆቹን አቅፎ ይይዛቸዋል። ይሳሳማሉ። ከዚያ ሰውየው በአጽመ ቅዱሳን ላይ ይምላል። በመጨረሻ ኮንቱ በያዘው ዘንግ እየነካ ማደሪያውን ይሰጠዋል። ሰይፍ በያዘ ሰው ፊት ባዶ እጅን አሳልፎ መስጠት ምን ያህል እምነት እንደሚጠይቅ አስቡት።

ግዴታውስ? የሻርትር ጳጳስ ፉልበርት በ1020 ገደማ ለአኪቴን መስፍን በጻፈው ደብዳቤ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። መልሱ የሚጀምረው ከማይደረገው ነው፤ ጌታህን አካሉን አትጉዳ፣ ምስጢሩንና ምሽጉን አሳልፈህ አትስጥ፣ ፍርዱንና ክብሩን አትንካ፣ ንብረቱን አታጥፋ፣ የሚችለውን አታክብድበት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፣ በምክርና በጉልበት ልትረዳው ይገባል ይላል። ጌታውም ለቫሳሉ ያንኑ ይመልስለት ይላል።

በወረቀት ያምራል። በተግባር ግን አንድ ሰው ከሦስት ከአራት ጌታ ማደሪያ መያዝ ጀመረ፤ ሁለቱ ጌቶቹ ሲዋጉ ለማን ይሰለፍ? ከሁሉ የሚቀድም አንድ ዋና ጌታ ይኑር ተባለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዋና ጌቶቹም በዙ። ከ1066 በኋላማ የኖርማንዲ መስፍን የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ሳለ በኖርማንዲው ግን የፈረንሳይ ንጉሥ ቫሳል ነው። ከዚያ የመጣው ጦርነት ስንት መቶ ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ ውጥንቅጥ አይተው ነው አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት «ፊውዳሊዝም የሚባል ሥርዓት አልነበረም» እስከማለት የደረሱት። ኤሊዛቤት ብራውን በ1974፣ ሱዛን ሬይኖልድስ ደግሞ በ1994 ቃሉን የኋላ ዘመን ሕግ አዋቂዎች ወደ ኋላ ተመልሰው የለጠፉት ነው ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። እውነት አላቸው፤ በዚያ ዘመን የኖረ ማንም ሰው «እኔ በፊውዳሊዝም ሥር ነኝ» አላለም፣ አሠራሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ያም ሆኖ ደመወዝ ጠፍቶ፣ ንጉሥ ርቆ፣ መሬት ከመሐላ ጋር ታስሮ የኖረበትን ዘመን የምንጠራበት ስም ያስፈልገናል፤ ቃሉን መጣል መፍትሔ አይመስለኝም።

ወደ ቦዶ ልመለስ፤ ሁለቱ ቋጠሮዎች የተጠላለፉት በእሱ ዘሮች ላይ ነው። ራሰ በራው ሻርል በ864 ያለ ፈቃድ የተሠራ ምሽግ ሁሉ ይፍረስ ብሎ አዝዞ ነበር። የሰማው የለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ምዕት ዓመታት አገሩ በምሽግ ተሞላ፤ አብዛኛው በአፈር ጉብታ ላይ የተተከለ የእንጨት ማማ ነው። ቫይኪንጎቹ ግን በ911 መሪያቸው ሮሎ ኖርማንዲን ተቀብሎ መረጋጋት ጀምረው ነበር። ወራሪው ቀነሰ፣ ማማው ግን ቀረ። ማማው ላይ ያለው ሰው ድሮ የንጉሥ የነበረውን ሥልጣን ሁሉ በእጁ አደረገ፤ ይዳኛል፣ ይቀጣል፣ ይቀረጥ ይላል። እህልህን በእኔ ወፍጮ አስፈጭ፣ ዳቦህን በእኔ ምድጃ ጋግር፣ ወይንህን በእኔ መጭመቂያ ጭመቅ፣ ለሁሉም ክፈል። ልጅህን ከግዛቴ ውጭ ልትድር ነው? ክፈል። አባትህ ሞቶ ልትወርስ ነው? ክፈል። የጥንቱ ኮሎኑስም፣ የጥንቱ ባሪያም፣ ነጻ የነበረው ድሃ ገበሬም በዚህ ቀንበር ሥር ተቀላቅለው ብዙዎቹ ሰርፍ የሚባል አንድ ስም ያዙ። ጌቶቹ እርስ በርስ ሲጣሉ ደግሞ የሚቃጠለው የእነሱ ቤት ነው፤ የጠላትህን ገባር ከዘረፍክ ጠላትህን አደኸየህ ማለት ነውና።

በ989 ጳጳሳት ሻሩ በሚባል ገዳም ተሰበሰቡ፤ አገሩ ያው ፈረንሳይ ነው፣ አኪቴን። ፈረሰኞቹን የሚያስቆም ንጉሥ ስላልነበረ በእጃቸው ያለውን መሣሪያ፣ ውግዘትን አነሱ። ቤተ ክርስቲያን ሰብሮ የገባ የተረገመ ይሁን። መሣሪያ ያልያዘን ካህን የመታ የተረገመ ይሁን። ከገበሬ ወይም ከሌላ ድሃ ላይ በግ፣ በሬ፣ አህያ፣ ላም፣ ፍየል ወይም አሳማ የዘረፈ፣ ካሳ ካልከፈለ፣ የተረገመ ይሁን።